ጥርጥር በማን ቤት ይደር? በሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ ላይ የቀረበ ሂስ

«ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር» ይላል ያገራችን ሰው። ገበሬው የጎተራውን ልክ፣ ነጋዴው የሚዛኑን ትክክለኛነት፣ ዳኛው የምስክሩን ቃል እንዲጠራጠር ልማዳችን ይፈቅዳል፤ ይህን ሳያደርግ የቀረውንም ሞኝ ይለዋል። ነገሩ ወደ ሃይማኖት ሲዞር ግን የዚያው ጥርጥር ስሙ ይለወጣል። በግዕዝ ናፈቀ ማለት ተከፈለ፣ ተጠራጠረ ማለት ነው፤ መናፍቅ የተባለው የውግዘት ስያሜ የወጣውም ከዚሁ ቃል ነው። ስለዚህ በቤተ ክርስቲያናችን ቋንቋ ጠርጣሪውና ከሃዲው በአንድ ስም ሲጠሩ ኖረዋል። በአማርኛ ደግሞ ያው መልክ ያለው ግስ የራቀንን ነገር መሻትን፣ ማለትም ስደተኛ ሁሉ ጠንቅቆ የሚያውቀውን ስሜት ይገልጻል። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ በእነዚህ በሁለቱ ትርጉሞች መካከል ያለ ነው፦ ጥርጥር ከእምነት የመለየት ምልክት ነውን? ወይስ እምነት የራቀውን የሚፈልግበት አንዱ መንገድ?

ለዚህ ምርመራ የመረጥነው ድርሰት ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ ነው። ድርሰቱ ስለ ባለታሪኩ የሚነግረን በአጭሩ ይህ ነው። ዘርዐ ያዕቆብ በ1599 እ.ኤ.አ. (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በአክሱም አገር ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወለደ። ዜማን፣ ቅኔንና የመጻሕፍትን ትርጓሜ ተማረ፤ ወደ አክሱም ተመልሶም አራት ዓመት አስተማረ። ዘመኑ ዐፄ ሱስንዮስ በኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ስብከት የሮማን እምነት የተቀበሉበት ዘመን ነበር። አንድ ተቀናቃኝ ሕዝቡን በንጉሡና በፈረንጆቹ ላይ ያነሣሣል ብሎ ከሰሰው፤ እሱም ጥቂት ወርቅና መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ ሸሸ፤ በተከዜ አጠገብ ባገኘው ዋሻ ውስጥም ሁለት ዓመት ተቀመጠ። በ1632 ንጉሡ ከሞቱ በኋላ ከዋሻው ወጥቶ እንፍራዝ ገባ፤ ሀብቱ በተባለ ባለጸጋ ቤት በቁም ጸሐፊነት አገለገለ፤ የባለጸጋውን ልጆች አስተማረ፤ ኂሩት የምትባል ሴት አግብቶ በዚያው አረጀ። ሐተታውን የጻፈው በ1667፣ በደቀ መዝሙሩ በወልደ ሕይወት ልመና እንደ ሆነ ይናገራል።

ስለ ዋሻው ሰው ከመናገራችን በፊት በመጽሐፉ ላይ የተነሣውን ጥርጥር ዘለን ማለፍ አይገባንም። ድርሰቱን በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ለፈረንሳዊው ሊቅ ለአንቷን ዳባዲ የላከው በኢትዮጵያ ይኖር የነበረው ኢጣልያዊ የካፑቺን መነኩሴ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው። ቅጂዎቹ ዛሬ በፓሪስ በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። በ1920 ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ድርሰቱ የመነኩሴው የራሱ ፈጠራ ነው ሲሉ ጻፉ። በ1970ዎቹ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ካናዳዊው ክላውድ ሳምነር ለዚህ ሰፊ መልስ ሰጡ፤ ደራሲው ኢትዮጵያዊ ነው ብለውም ተከራከሩ። በ2013 የታሪክ ተመራማሪዋ አናይስ ዊዮን የኮንቲ ሮሲኒን ወገን እንደገና አነሡ፤ በ2023 ደግሞ ራልፍ ሊ፣ መሐሪ ወርቁና ዌንዲ ቤልቸር አዲስ የእንግሊዝኛ ትርጉም አሳተሙ፤ በመቅድሙም ኢትዮጵያዊ ደራሲነቱ ተደግፏል።

በዚህ ክርክር ውስጥ የሚያሳዝነው የሊቃውንቱ አለመስማማት ሳይሆን በእኛ በአንባብያኑ ዘንድ የያዘው መልክ ነው። ከመካከላችን ብዙዎች መጽሐፉን እንደ ሰንደቅ ዓላማ ይዘውታል፤ ስለ ደራሲው የጠየቀ ሁሉ የአገር ጠላት ይባላል። ጥርጥርን የሚያስተምር መጽሐፍ ያለ ጥርጥር እንዲታመን መጠየቅ ግን መጽሐፉን አለማንበብ ነው። በሌላ በኩል፣ አበሻ እንዲህ ሊያስብ አይችልም ከሚል ቅድመ ፍርድ የሚነሣው ክህደት የተመራማሪ ጥርጥር ተብሎ ሊከበር አይገባውም፤ እሱ ያለ ማስረጃ የጸና ሌላ እምነት ነው። እኛ የምናቀርበው ሂስ በደራሲው ማንነት ላይ የቆመ አይደለም። ድርሰቱ የተጻፈው በግዕዝ ነው፤ የሚያስበው በዳዊት ቋንቋ ነው፤ የሚገልጸው የሃይማኖት መከፋፈልም በታሪክ የታወቀ ነው። በዚህ ላይ ተመሥርተን መጽሐፉ ጥርጥርን ምን እንዳደረገው፣ ጥርጥርም ባለታሪኩን የት እንዳደረሰው እንመርምር።

የመጀመሪያው ጥርጥር የሚታየው በዋሻው ውስጥ ሳይሆን በአክሱም ጉባኤ ቤት ነው። ዘርዐ ያዕቆብ መጻሕፍትን ሲያስተምር ፈረንጆቹ ይህን ይላሉ፣ ግብጻውያን ደግሞ ያን ይላሉ እያለ ሁለቱንም ያቀርብ ነበር፤ የትኛው መልካም፣ የትኛው ክፉ እንደ ሆነ ግን አይፈርድም ነበር። ውጤቱ በሁለቱም ወገን መጠላት ሆነ። ይህ የማስተማር ዘዴ ከሰማይ የወረደ አልነበረም። የአገራችን የመጻሕፍት መምህር አንድን ቃል ሲተረጕም «አንድም» እያለ ትርጓሜ በትርጓሜ ላይ ይደረድራል፤ ተማሪውም ሁሉንም በቃሉ ይይዛል። በእርግጥ የአንድምታ ሊቅ የቤተ ክርስቲያኑን ዶግማ አይጠራጠርም፤ የሚደረድራቸው ትርጓሜዎችም እርስ በርሳቸው የሚወጋገዙ አይደሉም። ነገር ግን አንድ ቃል ከአንድ በላይ መልስ ሊሸከም እንደሚችል፣ የተማሪም ትዕግሥት ይህን ለመያዝ እንደሚበቃ ያስተማረው ይኸው ሥርዓት ነው። ዘርዐ ያዕቆብ ይህንኑ ልማድ ከቃል ትርጓሜ አውጥቶ ወደ ሃይማኖት ክርክር አሻገረው። በጉባኤ ቤት የሊቅነት ምልክት የነበረው ነገር፣ ዙፋኑ አንዱን ወገን በያዘ ጊዜ ወንጀል ሆነ። ዘርዐ ያዕቆብ የተከሰሰው ስለ ተናገረው ብቻ አይደለም፤ ወገኑን ስላልተናገረም ጭምር ነው።

ሁለተኛው ጥርጥር በዋሻው ውስጥ የመጣው ነው፤ ከፊተኛውም ይልቅ ጥልቅ ነው። ባለታሪካችን ሲጸልይ ቆይቶ፣ የምጸልይለት አምላክ በእርግጥ አለን? ይሰማኛልን? ብሎ ራሱን ይጠይቃል። የሐተታ ዋና የሥነ ጽሑፍ ኃይል ያለው እዚህ ላይ ይመስለናል። ጥያቄው ጸሎቱን አያቋርጠውም። የሚጠራጠረው ሰው ዳዊቱን አስቀምጦ ወደ ሌላ መጽሐፍ አይሄድም፤ መልሱን መፈለግ የሚጀምረው ጆሮን ስለ ፈጠረ አምላክ መስማት ከሚናገረው የመዝሙር ሐሳብ ነው። ከዚያም የራሱን ወላጆች፣ የወላጆቹን ወላጆች እየቆጠረ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ሰንሰለቱ ያልተፈጠረ ፈጣሪ ላይ ሳይደርስ ሊቆም እንደማይችልም ይደመድማል።

ይህ የማስረጃ አካሄድ ለፍልስፍና ተማሪ አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ የሆነው የተነገረበት ድምፅ ነው። ስለ አምላክ የሚጠይቀው ሰው ጥያቄውን ወደ አምላክ ይመልሰዋል፤ እንዲገልጥለትም ይለምነዋል። ይህን ደግሞ የተማረው ከዚያው ከዳዊቱ ነው። ያገራችን ሕፃን ፊደል ከለየ በኋላ የሚደግመው መዝሙረ ዳዊት ምስጋና ብቻ የያዘ መጽሐፍ አይደለም፤ እግዚአብሔር ለምን እንደ ተሰወረ፣ ክፉዎች ለምን እንደ ተመቻቸው፣ ጩኸት ለምን መልስ እንዳጣ የሚሟገቱ መዝሙራት በውስጡ አሉ። በስቅለት የምናስበው የመተው ጩኸት ራሱ የዳዊት መዝሙር ነው። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን በአንድ እጅዋ ጠርጣሪውን መናፍቅ ብላ ስታወግዝ፣ በሌላው እጅዋ ለልጆችዋ የሙግትን ቋንቋ ስታስጠና ኖራለች። ዘርዐ ያዕቆብ የዚህ የሁለተኛው እጅ ልጅ ነው።

ሦስተኛው ጥርጥር በሰዎች ላይ ያነጣጠረ ነው። ክርስቲያኑም እስላሙም አይሁዱም የኔ ብቻ እውነት ነው ይላሉ፤ ዳኛው ማን ነው? የሐተታ መልስ እግዚአብሔር ለሰው ሁሉ የሰጠው ልቡና ነው የሚል ነው። በዚህ ሚዛን ደራሲው የምንኩስናን ትምህርት፣ የጾምን ሕግ፣ ሴትን በተፈጥሮዋ ርኩስ የሚያደርገውን የኦሪት ሥርዓት፣ ከአንድ በላይ ማግባትን፣ ሰውን እንደ ከብት መሸጥን ይመዝናል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ቀልለው ተገኝተውበታል። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ጥርጥሩ በወረቀት ላይ አለመቅረቱ ነው። ኂሩት የሀብቱ ቤት አገልጋይ ነበረች። ዘርዐ ያዕቆብ ሊያገባት ሲጠይቅ እንደ ገረድ እንድትሰጠው አልፈለገም፤ ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል ናቸው ብሎ አገባት። ጠርጣሪን ሁሉ ወላዋይ አድርገው ለሚያዩ ሰዎች ከዚህ የተሻለ መልስ አናውቅም። የተወረሰውን ሕግ በመጠራጠሩ በአገልጋይዋ ሴት ክብር ላይ ጽኑ አቋም ያዘ።

ይህን ስንል ግን ድርሰቱ እንከን የለውም ማለታችን አይደለም። ሁለት ጕድለቶች ይታዩናል። አንደኛ፣ ዘርዐ ያዕቆብ ሁሉን ሲመዝን ሚዛኑን ራሱን አይመዝንም። የሰው ልቡና በጥቅም፣ በፍርሃት፣ በወገን ሊታወር እንደሚችል በሌሎች ላይ አጥብቆ ያያል፤ በራሱ ልቡና ላይ ግን ይህን ጥያቄ ሲያነሣ አናይም። ስለዚህ የድርሰቱ የመጨረሻ ምዕራፎች ከመጀመሪያዎቹ ይልቅ ርግጠኞች፣ በዚያው ልክም ድርቅ ያሉ ናቸው። በዋሻው ውስጥ የሚንቀጠቀጠው ድምፅ በእንፍራዝ ወደ መምህር ድምፅ ይለወጣል።

ሁለተኛው ጕድለት ከዚህ የከበደ ነው። ዘርዐ ያዕቆብ በሕዝብ መካከል ክርስቲያን መስሎ እንደ ኖረ፣ በልቡ ግን ከፈጣሪ በቀር ሌሎች እንደሚያምኑት እንዳላመነ ራሱ ይገልጻል። ሐሳቡን ያወቀው ደቀ መዝሙሩ ነበር። ይህን ሰው ክርስቲያን ብለን ማደስ አንችልም፤ ታሪኩን ለቤተ ክርስቲያን ክብር ሲሉ የሚያለሰልሱ ሰዎች ከራሱ ቃል ጋር ይጣላሉ። ነገር ግን እንዲህ ከሆነበት ምክንያት ላይ ማተኮር ይገባናል። በዳዊት የጀመረ ጥርጥር ለምን ከቤቱ ውጭ አደረ? አለመቻቻሉ የጥርጥሩ ነበር ወይስ የቤቱ?

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን ሌላ ጠርጣሪ ቤተ ክርስቲያናችን በየዓመቱ ታስበዋለች። ከፋሲካ ቀጥሎ ያለው እሑድ፣ ዳግም ትንሣኤ፣ የቶማስ ታሪክ የሚነበብበት ቀን ነው። በስብከት ሁልጊዜ የሚነገረን ቶማስ አለማመኑና በኋላ ማመኑ ነው። በመካከል ያሉት ስምንት ቀናት ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላሉ። በፊተኛው ምሽት ቶማስ በቤቱ አልነበረም። ጓደኞቹ ያዩትን በነገሩት ጊዜ የቁስሉን ምልክት ሳያይና ሳይዳስስ እንደማያምን ገለጠላቸው። ከስምንት ቀን በኋላ ደቀ መዛሙርቱ እንደገና በቤት ሲሰበሰቡ ቶማስ አብሮአቸው ነበር። ወንጌላዊው ዮሐንስ ስለ እነዚያ ቀናት ሌላ ነገር አይነግረንም፤ ይህ አንድ ነገር ግን ይበቃል። አሥሩ፣ ባዩት ነገር ርግጠኞች የነበሩት፣ ያላየውንና ያላመነውን አላስወጡትም። እሱም አልሸሸም። አብረው በሉ፣ አብረው አደሩ። ቶማስ ማመን የቻለው እዚያው ስለ ነበረ ነው፤ እዚያው የቆየውም ሳያምን ስለ ተቀበሉት ነው።

እንግዲህ የዚህ ሂስ ዋና ሐሳብ ይህ ነው፦ የጥርጥር ቦታ በእምነት ቤት ውስጥ ነው፤ ጥርጥር ወደ እምነት መድረሱ ወይም ወደ ስደት መሄዱ በጠርጣሪው ብቻ አይወሰንም፤ የቤቱም ድርሻ አለበት። ቶማስ ቤት ነበረው፤ ዘርዐ ያዕቆብ ዋሻ ነበረው። የሁለቱ ጥርጥር በመነሻው ከሚለያይበት የሚመሳሰልበት ይበልጣል፤ መድረሻቸውን የለያየው በመካከል የገባው ሥልጣን ነው።

ሥልጣን እዚህ ላይ ምን እንደሚሠራ የሱስንዮስ ዘመን በግልጽ ያሳያል። ንጉሡ የሮማን እምነት በ1622 በይፋ ተቀበሉ፤ በ1626 ደግሞ በፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ፊት ለሮማው ጳጳስ መገዛታቸውን አወጁ። ከዚያ በኋላ እምነት የልብ ጥያቄ መሆኑ ቀርቶ የታማኝነት መለኪያ ሆነ። አመፅ አመፅን ወለደ፤ በ1632 ብዙ ሺሕ ሰው ካለቀበት ውጊያ በኋላ ንጉሡ የአባቶች ሃይማኖት እንዲመለስ አዋጅ አስነግረው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ተዉ። ሥልጣን በሃይማኖት ጉዳይ ላይ አንተ የማን ነህ ብሎ ሲጠይቅ እውነቱን ለማወቅ ብሎ አይደለም፤ ሰውን ለመቁጠር ነው። ጠርጣሪው ደግሞ ለቆጠራ አይመችም።

ይህ ቆጠራ ከሱስንዮስ ጋር አልተቀበረም። በ1977ና በ1978 በቀይ ሽብር ዘመን በሁለት ተኩስ መካከል የቆመውን፣ ወይም ማስረጃ ይቅረብልኝ ያለውን ሰው የሚጠሩበት ቃል ነበራቸው፦ መሃል ሰፋሪ። ቃሉ ከማርክስ መጽሐፍ የመጣ ቢመስልም በጠባዩ የቆየው የመናፍቅ ስያሜ ልጅ ነው። በቤተ ክርስቲያን በኩልም ቢሆን፣ አቡነ መርቆሬዎስ በ1991 ከመንበራቸው ከተነሡ በኋላ ሲኖዶሱ ለሁለት ተከፈለ፤ በ2018 በዋሽንግተን ዕርቅ እስኪወርድ ድረስ በስደት ያለው ምእመን የአገር ቤት፣ የስደተኛው ወይም ገለልተኛ እየተባለ ሲመደብ ኖረ። ልጁን ክርስትና ሊያስነሣ የመጣ ሰው ስለ እምነቱ ከመጠየቁ በፊት ስለ ወገኑ ይጠየቅ ነበር። ብዙ ወጣቶች ከቤተ ክርስቲያን የራቁት በእግዚአብሔር ላይ ጥርጥር ስለ ገባቸው ብቻ አይመስለንም፤ ጥርጥራቸውን ይዘው የሚቀመጡበት ወንበር ስላጡም ጭምር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይጠብቀናል። ጥርጥር ሁሉ የተቀደሰ ነውን? አይደለም። ከ2020 እስከ 2022 በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በተካሄደው ጦርነት ጊዜ በየከተማው ያለን ስደተኞች ጥርጥርን በሌላ መልኩ አይተነዋል። በኅዳር 2020 በማይካድራ ሰላማዊ ሰዎች ተጨፈጨፉ፤ በዚያው ወር መጨረሻ በዘርዐ ያዕቆብ አገር በአክሱም እንዲሁ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። የሰብአዊ መብት ድርጅቶች ሁለቱንም መዝግበዋል። በመካከላችን ግን የማይካድራውን ሟች የሚያምን የአክሱሙን ይጠራጠር ነበር፤ የአክሱሙን የሚያምን ደግሞ የማይካድራውን። በአንድ ቅዳሴ ላይ ጎን ለጎን የቆሙ ሰዎች አንዱ የሌላውን ሐዘን ማስረጃ የለውም ብለው ለቅሶ ሳይደርሱ ቀሩ።

ይህን ጥርጥር ከቶማስ ጥርጥር የሚለየው ምንድን ነው? ቶማስ የጠየቀው ቁስሉን ለማየት ነው። የእነዚህ ሰዎች ጥርጥር የሚፈልገው ቁስሉን ላለማየት ነው። አንዱ ወደ ቆሰለው ሰው ይቀርባል፤ ሌላው ከቆሰለው ሰው ይሸሻል። አንዱ እጁን ይዘረጋል፤ ሌላው እጁን ይሰበስባል። ስለዚህ ጥርጥርን የምንመዝንበት መለኪያ ምን ያህል ደፋር መሆኑ አይደለም፤ ወደ ማን እንደሚያቀርበን ነው። ወገኑን ብቻ የማይጠራጠር ሰው የሚጠራጠር መስሎ የሚያምን ነው።

ያለ ጽኑ አቋም ማኅበር አይቆምም የሚሉ ወንድሞችና እኅቶች ይኖራሉ። እውነት ነው፤ ማኅበርም ቤተ ክርስቲያንም ያለ የጋራ እምነት አይቆሙም። ነገር ግን ጥያቄን አልፎ የመጣ አቋምና ጥያቄን ከልክሎ የቆመ አቋም አንድ አይደሉም። ሁለተኛው የሚጸናው ጠባቂው እስካለ ድረስ ብቻ ነው፤ የሱስንዮስ አዋጅ የቆየው ስንት ዓመት እንደ ሆነ አይተናል። አሥሩ ሐዋርያት ያዩትን አይተናል ከማለት ወደ ኋላ አላሉም፤ ቶማስም በቤቱ ቆየ። ሁለቱ አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

ስለዚህ ለጥናት ክበቦቻችን አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ ከወልደ ሕይወት ሐተታ ጋር ይነበብ፤ የኮንቲ ሮሲኒና የሳምነር ክርክርም አብሮ ይቅረብ። የሚያስቀድሱትም፣ ያቆሙትም፣ ከሌላ ሃይማኖት የመጡትም ይጋበዙ። በውይይቱ መጨረሻ የአቋም መግለጫ አይውጣ፤ ድምፅም አይሰጥ። ያልተስማማው ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሶ መምጣቱን እንይ፤ ወንበሩም እስከዚያ ይጠበቅለት።